ለወሎ ዳገት የትኛው የቱርቦ ቀፎ? ለአሽከርካሪና ለመኪና ባለንብረት የሚሆን ንጽጽር

ከሚሌ ተነስቶ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባ፣ ከዚያም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚደርስ የጭነት መኪና በአንድ ጉዞ ከ500 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ሲነሳ መንገዱ ቆላ፣ አየሩ ሙቅ፣ ማርሹም ከፍተኛ ነው። ሲደርስ ግን በሳሳ አየር ውስጥ በዝቅተኛ ማርሽ እየተጎተተ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ የሚሠራ መኪና ቱርቦው፣ ማለትም በጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚገፋው ዕቃ፣ ሲበላሽ ባለንብረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ዋጋው ስንት ነው? ቡሎኑስ ይገጥማል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ግን አይበቁም። ቡሎናቸው እኩል ከሚገጥም ሁለት ቱርቦዎች አንዱ መኪናውን ዳገት ላይ ሲያነሳው ሌላው በጥቁር ጭስ ያፍነዋል። ከውጭ ሲያዩዋቸው መንትያ ይመስላሉ፤ የሚለያዩት በቀፎው፣ ማለትም በውጭኛው የብረት ቤት፣ ውስጥ ነው።

አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። ወሎ ውስጥ የቱርቦ ቀፎ መመረጥ ያለበት መኪናው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ በሚውልበት ዙርና መንገዱ በሚደርስበት ከፍታ ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የማወዳድረው በዚህ መለኪያ ነው።

ጠባብ አፍ ወይስ ሰፊ አፍ

ቱርቦ ሦስት ቤቶች አሉት። በአንደኛው በኩል ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል። በሌላኛው በኩል በዚያው ዘንግ ላይ የተሰካው ኮምፕረሰር ንጹሕ አየር ስቦ ወደ ሞተሩ ይገፋል። በመሐል ዘንጉን የያዙ ኩሽኔታዎችና የዘይት መተላለፊያ አሉ። የሞተሩን ጠባይ ከሁሉም በላይ የሚወስነው የጭስ ወገን ቀፎ ነው፤ በውስጡ ያለው ተጠቅልሎ የሚጠብ ቦይ ጭሱ በምን ፍጥነት ተርባይኑን እንደሚመታ ይወስናልና።

የቦዩ ጥበት የሚለካው ኤ/አር በሚባል ቁጥር ነው። የቦዩ የአፍ ስፋት ከዘንጉ መሐል እስከ ቦዩ መሐል ባለው ርቀት ሲካፈል ይገኛል። ለምሳሌ ጋሬት የተባለው አምራች ለአንድ የቱርቦ ቤተሰቡ 0.63፣ 0.82 እና 1.06 ቀፎዎችን ያቀርባል። ተርባይኑ ያው ሆኖ ቀፎው ብቻ ሲቀየር የሞተሩ ጠባይ ይቀየራል። ሆልሴትን የመሰሉ አምራቾች ደግሞ ስፋቱን ብቻ በካሬ ሴንቲሜትር ይጽፋሉ፤ ስለዚህ በአንዱ ቀፎ ላይ ያለውን ቁጥር ከሌላ አምራች ቁጥር ጋር በቀጥታ ማወዳደር ያሳስታል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በጭስ መግቢያው ጠርዝ አካባቢ በቀረጻው ላይ ጎልቶ ይገኛል። ጥቀርሻውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ማንበብ ነው።

የቧንቧ ጎማ አፍ በአውራ ጣት ሲጫን ውኃው እንደሚፈነጠቅ ሁሉ፣ ጠባብ ቀፎም ጥቂቱን ጭስ ያፈጥነዋል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ እያለ ተርባይኑ ቶሎ ይነሳል፤ አሽከርካሪው ነዳጅ ሲሰጥ መኪናው ወዲያው ይመልሳል። ዋጋው የሚከፈለው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። የበዛው ጭስ በጠባቡ በር ማለፍ ሲያቅተው ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል፣ ሞተሩ ለመተንፈስ ይታገላል፣ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፣ ናፍጣም ያለ ጥቅም ይባክናል። ሰፊው ቀፎ ተቃራኒው ነው። በከፍተኛ ዙር በነፃነት ይተነፍሳል፣ ሙቀቱ ዝቅ ይላል፤ ከታች ግን ዘግይቶ ይነሳል። ዳገት መሐል ማርሽ ሲቀየር ዙሩ ይወርድና ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ይንፏቀቃል።

ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ቀፎዎች በዘይት በራሰ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ወጣት መካኒክ ለመኪናው ባለቤት ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ጣቱን በጠባቡ አፍ ውስጥ ከትቶ፣ «ሐጂ፣ ይህቺኛዋ ዳገት ላይ ቶሎ ትነሳልዎታለች፤ ሜዳ ላይ ግን ታፍንብዎታለች» አላቸው። እሳቸውም «አንተ ልጅ፣ ወሎ ውስጥ ሜዳ የት አለኝና ነው?» አሉት። ልጁ አልተበገረም፦ «ከሚሌ እስከ ባቲ ድረስ ያለውስ? በዚያ ሙቀት አርባ ቶን ጭነው ረጅም ሰዓት ሲነዱ ነው ቴስታታ የሚሰነጠቀው።» ቴስታታ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፤ ልጁም ትክክል ነበር። ብዙ ሰው የሚያስበው ሐረጎን ብቻ ነው፤ ሞተሩን በሙቀት የሚፈትነው ግን የቆላው ረጅም ጉዞም ጭምር ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ ላይ ለሚሠራ መኪና እጅግ ጠባቡን ቀፎ አልመክርም። መካከለኛው፣ ጤነኛ ዌስትጌት (ትርፍ ጭስ የሚያሳልፍ በር) ያለው ከሆነ፣ ከሁለቱም ይሻላል።

ከፍታው ሒሳቡን እንዴት ይቀይረዋል

ብዙ የቱርቦ መመሪያ የተጻፈው በባሕር ጠለል አካባቢ ላሉ አገሮች ስለሆነ ይህ ክፍል በደንብ መታየት አለበት።

በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። ሚሌ አካባቢ 95፣ ኮምቦልቻ 81፣ ደሴ 75፣ በ3,000 ሜትር አካባቢ ባለው የደላንታ አምባ ላይ ደግሞ 70 ገደማ ይሆናል። በግፊት ብቻ ሲሰላ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከሚሌ ደሴ ሲደርስ ከሚስበው አየር አንድ አምስተኛውን ያጣል።

አሁን ደግሞ በሞላና በሳንባ ብቻ የሚሠራ ዌስትጌት ያለውን ቱርቦ እንይ። ዌስትጌት ማለት ግፊቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ ተከፍቶ ጭሱን ከተርባይኑ ጎን የሚያሳልፍ ትንሽ በር ነው። ይህ በር የሚያውቀው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በ100 ኪሎፓስካል፣ ማለትም በ1 ባር እንዲከፈት ከተስተካከለ፣ ሚሌ ላይ ሞተሩ በድምሩ 195 ኪሎፓስካል ያገኛል፤ ደሴ ላይ 175 ብቻ። የግፊት ጌጁ ሁለቱም ቦታ ላይ 1 ባር ነው የሚያሳየው። አሽከርካሪው «ጌጁ ያው ነው፤ መኪናው ግን ደክሟል» ሲል ስሜቱ አላታለለውም፤ ሞተሩ የሚያገኘው አየር በእርግጥ አንድ አሥረኛ ቀንሷል።

የቱርቦውን ድካም ስናይ ነገሩ ይገለበጣል። ሚሌ ላይ አየሩን 2.05 እጥፍ ነው የሚያምቀው። ኮምቦልቻ 2.23፣ ደሴ 2.33፣ ደላንታ 2.43 ይደርሳል። ሞተሩ ያነሰ አየር እያገኘ ቱርቦው ግን የበለጠ ይፈጥናል። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ለሚሽከረከር ዘንግ ይህ ትንሽ ጭማሪ አይደለም። የሚገፋውም አየር የበለጠ ስለሚግል ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ንጹሕ መሆን አለበት።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አየሩ ሲሳሳ ጭሱም ስለሚያንስ እያንዳንዱ ቱርቦ ከቆላው ይልቅ በደጋው ዘግይቶ ይነሳል። ቆላ ላይ ደህና የነበረ ሰፊ ቀፎ ደሴ ላይ የበዛ ስፋት ይሆናል፤ ወደ ኩታበርና ወገል ጠና ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛ፣ ጠባብ ቀፎ በከፍታ ላይ ቱርቦውን ከአቅም በላይ ሊያስሮጠው ስለሚችል ዌስትጌት የሌለው ወይም ዌስትጌቱ የደረቀ ጠባብ ቀፎ ለደጋ አደገኛ ነው። ሦስተኛ፣ የዌስትጌቱን ዘንግ በማሳጠር ወይም በሽቦ በማሰር ግፊት «መጨመር» ቆላ ላይ ቢያስደስትም ደጋ ላይ ቱርቦውን ይገድለዋል። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የተሰበረ የኮምፕረሰር ክንፍ ወደ ሞተሩ ሲገባ የሚያመጣውን ጉዳት ያየ ሰው ለምን እንደምቃወም ይገባዋል።

በኮምፒውተር የሚመሩ አዳዲስ ሞተሮች የውጭውን አየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ስላላቸው ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ቱርቦውን ለማዳን ሲሉም ደጋ ላይ ጉልበት ይቀንሳሉ። እንዲህ ያለው መኪና ደላንታ ላይ ቢደክም ቱርቦውን ለመለወጥ መቸኮል አያስፈልግም።

ባለ አንድ ቦይ ወይስ ባለ ሁለት ቦይ

በጭስ መግቢያው ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለ ቀፎው ባለ አንድ ቦይ ነው። መሐሉ በግድግዳ ለሁለት ከተከፈለ ባለ ሁለት ቦይ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ጭስ ከሞተር የሚወጣው እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ ሳይሆን በምት በምት ስለሆነ ነው።

ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርን እንውሰድ። የአብዛኞቹ የእሳት ቅደም ተከተል 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ነው። ስድስቱም በአንድ ቦይ ቢወጡ በየ120 ዲግሪው አዲስ ምት ይመጣል፤ የአንዱ ጭስ ገና ሳይወጣ የሌላው ይደርስበትና ይጋጫል። 1፣ 2 እና 3 በአንድ ቦይ፣ 4፣ 5 እና 6 በሌላው ሲወጡ ግን በእያንዳንዱ ቦይ ምቱ በየ240 ዲግሪው ይሆናል። አንዱ ሌላውን አይረብሸውም፤ የእያንዳንዱ ምት ጉልበት ሳይባክን ተርባይኑ ላይ ያርፋል። በአራት ሲሊንደር ደግሞ 1 ከ4፣ 2 ከ3 ይጣመራሉ። ውጤቱ የሚታየው በዝቅተኛ ዙር ነው። ሰፋ ያለ ቀፎ ተመርጦም ቱርቦው ቀደም ብሎ ይነሳል፤ ማለትም የጠባቡን ቅልጥፍና ከሰፊው ትንፋሽ ጋር ያስታርቃል። ለዳገት ከዚህ የተሻለ ቀላል መፍትሔ አላውቅም።

ሆኖም ሁለት ቦይ የሚሠራው ማኒፎልዱም፣ ማለትም ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰው ቧንቧ፣ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ብቻ ነው። ያልተከፈለ ማኒፎልድ ላይ ባለ ሁለት ቦይ ቱርቦ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። በተከፈለ ማኒፎልድ ላይ ባለ አንድ ቦይ ቱርቦ መግጠም ደግሞ የባሰ ነው፤ አምራቹ የሰጠውን የዝቅተኛ ዙር ጉልበት በገዛ እጅ መጣል ነው። ትልልቆቹ ባለ ስድስት ሲሊንደር የጭነት መኪና ሞተሮች ከፋብሪካ የሚወጡት በአብዛኛው ለሁለት በተከፈለ አሠራር ስለሆነ ይህ ጉዳይ ለእነሱ እጅግ አሳሳቢ ነው። በመሐል የሚገባው ጋስኬትም መሐለኛው አጥር ያለው መሆን አለበት። ከላሜራ ተቆርጦ የተሠራ አጥር የሌለው ጋስኬት ሁለቱን ቦዮች አፋቸው ላይ ያገናኛቸዋል።

ደካማ ጎኑ ያ መሐለኛ ግድግዳ ነው። ከሁለቱም ወገን በእሳት ስለሚገረፍ ይሰነጠቃል፣ ይበላል፣ አንዳንዴም ቁራጩ ተነስቶ ተርባይኑን ይመታል። ያገለገለ ባለ ሁለት ቦይ ቀፎ ሲገዛ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ግድግዳ ነው፤ በባትሪ ብርሃን ከአፉ እስከ ውስጥ።

ቋሚ ቀፎ ወይስ ባለ ተንቀሳቃሽ ክንፍ

በባለ ተንቀሳቃሽ ክንፍ ቱርቦ በተርባይኑ ዙሪያ የሚዞሩ ትንንሽ ክንፎች አሉ። በዝቅተኛ ዙር ጠጋ ጠጋ ብለው መንገዱን ያጠባሉ፤ ዙሩ ሲጨምር ይከፈታሉ። በአንዳንድ የሆልሴት ቱርቦዎች ደግሞ ክንፎቹ ሳይዞሩ ቀለበቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንሸራተተ መንገዱን ያጠባል፣ ያሰፋል። አንዱ ቀፎ በተለያየ ሰዓት ጠባብም ሰፊም ይሆናል ማለት ነው። ለከፍታም ይመቻል፤ ኮምፒውተሩ ሳሳ ያለ አየር ሲያይ ክንፎቹን ቀድሞ ሊያጠባ ይችላል። በከባድ መኪኖች ላይ ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው፦ ቁልቁለት ላይ ክንፎቹ ሲዘጉ ጭሱ ታፍኖ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወይም ከጋሸና በድልብ ወደ ወልድያ ጭኖ ለሚወርድ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ይህን አይግዛ? መልሱ ጥቀርሻ ነው። ክንፎቹ የሚንቀሳቀሱት በጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ጥቀርሻ ሲሞላበት ይደርቃሉ። ተዘግተው ከደረቁ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፣ ተከፍተው ከደረቁ መኪናው ዳገት አይወጣም። ደጋ ላይ አየር ስለሚያንስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ይበዛል፤ ጥቀርሻውም ይበዛል። ደሴ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ሸዋ በር ሲመላለስ የሚውል፣ ወይም ጭነት ሲጠብቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛው ዙር) ለሰዓታት የሚቆም መኪና ጭሱ ስለማይግል ጥቀርሻው አይቃጠልም። ዘወትር ረጅም መንገድ ጭኖ የሚሄደው መኪና ግን በሙቀቱ ራሱን ያጸዳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቱርቦ በሁለት ባለንብረቶች እጅ የተለያየ ዕድሜ ይኖረዋል።

የቶዮታ ሂሉክስ ባለቤቶች ይህን ምርጫ በቅርብ ያውቁታል። የመጀመሪያው 2.5 ሊትር 2ኬዲ ሞተር በ75 ኪሎዋት ደረጃው ቋሚ ቀፎ ነው ያለው። ሦስት ሊትሩ 1ኬዲ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀስ ክንፍ አለው። በጉልበት ሁለተኛው ይበልጣል፤ ዳገት ላይም ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ነገር ግን ክንፉ ወይም ክንፉን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ሲበላሽ ማስተካከሉ የኮምፒውተር መመርመሪያና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ክንፎቹ ተፈትተው ከታጠቡ በኋላ የመዝጊያ ልካቸው ካልተስተካከለ ቱርቦው እንደገና አይሠራም። ወረዳ ከተማ ላይ ለሚሠራ፣ በቅርቡ የመመርመሪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ቋሚ ቀፎ ያለውን መኪና መምረጡን እንደ ማነስ አልቆጥረውም።

አንዳንድ ሰው የተበላሸ ባለ ተንቀሳቃሽ ክንፍ ቱርቦ አውጥቶ ቋሚ ቀፎ ያለውን ይገጥማል። በአሮጌ፣ ያለ ኮምፒውተር በናፍጣ ፖምፓ ብቻ በሚሠራ ሞተር ሊያስኬድ ይችላል። ኮምፒውተር ባለው ሞተር ግን ኮምፒውተሩ የማያገኘውን ክንፍ እየፈለገ ጉልበት ይቀንሳል። አላስፈላጊ ጣጣ ነው።

የአየር ወገን ቀፎ፣ ባጭሩ

የአየር ወገን ቀፎ ከአልሙኒየም የሚሠራ ሲሆን የኤ/አር ቁጥሩ የሞተሩን ጠባይ የሚለውጠው በጥቂቱ ነው። ለደጋ መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። በዝቅተኛ ዙር ከፍተኛ ግፊት ሲጠየቅ አየሩ ወደ ፊት መሄድ አቅቶት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲተነፍስ የሚያስል የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ ዘንጉና ኩሽኔታውም ይጎዳሉ። ደጋ ላይ የማመቂያው እጥፍ ስለሚጨምርና የአየሩ መጠን ስለሚቀንስ ይህ ችግር ይቀርባል። በመግቢያው ዙሪያ ሁለተኛ ቀለበትና ክፍተት ያለው ቀፎ ትርፉን አየር መልሶ ወደ መግቢያው ስለሚያዞር ችግሩን ያርቀዋል። በዋጋ ብዙ ካልተለያየ ያንን ምረጡ።

ብረቱ

ስንጥቅ የሚጀምረው በአብዛኛው ቦዩ ጠቦ በሚያልቅበት ምላስ ላይ ነው። ተራ ብረት ረክሶ ይገኛል፤ ግን ሲግልና ሲበርድ ቶሎ ይደክማል። ለናፍጣ ሞተር ሲሊኮንና ሞሊብዲነም የተጨመረበት ብረት እስከ 800 ዲግሪ ገደማ ይችላል፤ ኒኬል የበዛበት ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የቤንዚን ቱርቦ ጭስ እስከ 1,000 ዲግሪ ስለሚጠጋ እዚያ ላይ በብረቱ መቆጠብ አያዋጣም። ያለ ስምና ያለ ክፍል ቁጥር በካርቶን የሚሸጥ ቀፎ ከምን ብረት እንደተሠራ ሻጩም አያውቅም።

ጥሩው ብረት እንኳ በአንድ ነገር ይሸነፋል፤ በድንገተኛ ውኃ። ከባቲ በኩል ጭኖ መጥቶ ቦርከና ዳር ሞተሩ እንደጋለ የሚታጠብ መኪና ቀፎው ቢሰነጠቅ አያስገርምም። ሞተሩ ይብረድ። ከረጅም ዳገት በኋላም ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ በመሐለኛው ቤት የቀረው ዘይት ይቃጠልና ወደ ከሰል ይቀየራል። መሐለኛው ቤት በራዲያተር ውኃ ጭምር የሚቀዘቅዝ ከሆነ ይህን ጉዳት ይበልጥ ይቋቋማል፤ ዳገት ጫፍ ላይ ቆሞ ለሚያራግፍና ለሚጭን መኪና ትርጉም ያለው ልዩነት ነው።

በምላሱ ላይ የሚታይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ በአንዳንድ ቀፎ ላይ የተለመደ ነው። ግድግዳውን አልፎ ከወጣ ወይም ወደ ቡሎን መግጠሚያው ጠርዝ ከደረሰ ግን ቀፎው አብቅቶለታል። ምላሱንና መሐለኛውን ግድግዳ በብየዳ ለማዳን መሞከር ቁራጭ ብረት ተርባይኑ ላይ የመጣል ዕድሉን ያሰፋዋል።

እንግዲህ ለየትኛው መኪና የትኛው?

ሲኖትራክ ሆዎና መሰሎቹ፦ ባለ 9.7 ሊትሩ ደብሊውዲ615 ሞተር ከፍተኛ የመጎተት ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ ከ1,100 እስከ 1,600 ዙር አካባቢ ነው። አሽከርካሪው ዳገት ላይ መዋል ያለበትም እዚያው ነው። ስለዚህ ከፋብሪካው የተሰጠውን ባለ ሁለት ቦይ አሠራር ሳይለቁ ያንኑ ስፋት መግዛት እንጂ «ትልቅ ይሻላል» ብሎ ሰፊውን መግጠም ስሕተት ነው። ተሳቢ ይዞ ከሚሌ ደሴ የሚመላለስ ከሆነ ዌስትጌት ያለውን ይምረጥ።

የአይሱዙ ጭነት መኪና፣ 4ኤችኬ1 ወይም 6ኤችኬ1 ሞተር ያለው፦ ከቆቦ ሜዳ ማሽላ ጭኖ ወልድያና ደሴ የሚወጣ መኪና ነው። ሥራው መካከለኛ ጭነትና ተደጋጋሚ የማርሽ ለውጥ ስለሆነ ከመካከለኛ ወደ ጠባብ ያዘነበለ ቀፎ ይስማማዋል። በዚህ ላይ ጤነኛ ዌስትጌት ካለ ሌላ አያስፈልገውም።

የአገልግሎት ላንድ ክሩዘር፣ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው፦ ይህ 4.2 ሊትር ሞተር ያለ ቱርቦ የተሠራ ነው፤ ደጋ ላይ ሲደክም ብዙዎች ቱርቦ ሊጨምሩለት ይመኛሉ። የማመቂያ ጥመርታው፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚያምቅበት እጥፍ፣ ከ22 ለ1 በላይ ነው፤ ቱርቦ ይዞ ከፋብሪካ የወጣው ዘመዱ 1ኤችዲቲ ግን 18.6 ለ1 ነው። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቱርቦው ራሱ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ሲሊንደሩ የሚያምቀው መቀነስ አለበት። የግድ ከተጨመረ ግፊቱ ዝቅተኛ፣ ቀፎው ሰፋ ያለ፣ የጭስ ሙቀት ጌጅም የተገጠመ መሆን አለበት። ከሁሉ በፊት ግን ማጣሪያውን፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎችና የናፍጣ ፖምፓውን ማስፈተሽ ይቅደም፤ ብዙ ጊዜ የጠፋው ጉልበት እዚያ ነው የሚገኘው።

አንድ የተለመደ ግምት እዚህ ላይ መታረም አለበት። ቱርቦ ለሞተሩ የሚሰጠው አየር ነው። ናፍጣው ሳይጨመር አየር ብቻ ቢበዛ ጭሱ ይጠራል፣ ሙቀቱ ይወርዳል እንጂ ጉልበቱ ያን ያህል አይጨምርም። በተቃራኒው ፖምፓው ተከፍቶ ናፍጣ ቢበዛና አየር ባይጨመር ጥቁር ጭስና የቀለጠ ፒስተን ነው ትርፉ። ቀፎ ሲቀየር የናፍጣውም ልክ አብሮ መታየት አለበት።

ሲገዛና ሲገጠም

ቀፎ ብቻ ለመቀየር የሚፈልግ ሰው የተርባይኑ ክንፎች ከቀፎው ውስጠኛ ቅርጽ ጋር መመሳሰላቸውን ያረጋግጥ። ክፍተቱ ከበዛ ጭሱ በጎን ያመልጣል፣ ካነሰ ክንፉ ቀፎውን ይፍቃል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ቀፎውን ማስፋት የሚቻል ቢመስልም በትክክለኛ ልክ ካልተሠራ ሁለቱንም ያበላሻል። ከተገጠመ በኋላ ዘንጉን በእጅ ወደ አንድ ጎን እየገፉ ማዞር ነው፤ የሚነካ ነገር ካለ በጣት ይታወቃል። የዌስትጌቱን በር በእጅ ከፍቶ መልሶ መዝጋት፣ አፉም በትክክል መቀመጡን ማየት ያስፈልጋል።

አሮጌው ቱርቦ ለምን እንደሞተ ሳይታወቅ አዲሱ አይገጠም። የዘይት መግቢያ ቧንቧው በከሰል ከጠበበ ይቀየር። የዘይት መመለሻው ተጣሞ ወይም ተዘግቶ ከሆነ ዘይቱ በማኅተሙ በኩል ወደ ጭስ ይወጣል፤ ብዙ ጤነኛ ቱርቦ በዚህ ምክንያት «ዘይት ያፈሳል» ተብሎ ተጥሏል። በአየር ማጣሪያውና በቱርቦው መሐል ያለው ጎማ ከተሰነጠቀ የጭፍራና የሚሌ አቧራ የኮምፕረሰሩን ክንፍ ጠርዝ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በቱርቦው የዘይት መግቢያ ንጹሕ ዘይት ይጨመርበትና ዘንጉ በእጅ ይዙር። ነዳጁ ተዘግቶ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) እየተሽከረከረ የዘይት ግፊቱ ሲመጣ ብቻ ይነሳ፤ ከተነሳም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ ይቆይ። የመጀመሪያው የዳገት ጉዞ ባዶውን ወይም በቀላል ጭነት ይሁን። የጭስ ሙቀት ጌጅ ካለ ከተርባይኑ በፊት ከ700 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ እንዳይቆይ፤ ሲያልፍ ማርሽ ቀንሶ ነዳጁን ማሳነስ ነው። ከዚያ ሞተሩ ሲበርድ የቀፎውና የማኒፎልዱ ቡሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እንደገና ይጠበቁ፤ በጋስኬቱ ዙሪያ ጥቁር የጭስ ምልክት ከታየ ጭነት ሳይጫን ተፈቶ ይታይ።